የጋራ ሙለታው እስረኛ ደም

ከሐረር በስተ ምዕራብ ያለው ጋራ ሙለታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ይነሣል። በ1909 ከሥልጣን የተሻሩት ልጅ ኢያሱ በግንቦት 1924 ከፍቼ እስር አምልጠው ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ሲያዙ የተወሰዱት ወደዚያ ነው። በኅዳር 1928፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መሞታቸው ተነገረ። ዕድሜያቸው ገና 40 ነበር። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አላባራም። አንዱ ወገን «ጃንሆይ አስገደሏቸው» ይላል፤ ሌላው «ታመው ነው የሞቱት፣ ቀሪው የጠላት ወሬ ነው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ሁሉ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወይ ነፍሰ ገዳይ ናቸው ወይ ንጹሕ፣ ከሁለቱ ሌላ ቦታ የለም ብለው ያምናሉ። ሌላ ቦታ እንዳለ፣ ይህንንም ቦታ የሐረር ቃዲዎች የሚፈርዱበት የሻፊዒ ፊቅህም፣ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ኦሪትም፣ የአገራችን የአፈርሳታ ልማድም እንደሚያውቁት ማሳየት እፈልጋለሁ። ገዳዩ ባይታወቅ እንኳ ባለዕዳው ሊታወቅ ይችላል።

መጀመሪያ ዝምድናው ይታይ፤ ነገሩ በባዕዳን መካከል የሆነ አይደለምና። ኢያሱም፣ ቀድሞ ተፈሪ ይባሉ የነበሩት ጃንሆይም የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘሮች ናቸው። ኢያሱ በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ ተፈሪ በአባታቸው በራስ መኰንን በኩል የምኒልክ አክስት የወይዘሮ ተናኘወርቅ የልጅ ልጅ ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን የሩቅ ዝምድና ይባል ነበር። የኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግን ከሌላ ሚስት ወይዘሮ ስኂን የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ የስኂን ልጅ ወይዘሮ መነን ደግሞ በ1903 የተፈሪ ሚስት ሆኑ። እንግዲህ ኢያሱ የእቴጌ መነን አጎት፣ ልጆቻቸው የሚያውቋቸው የእናታቸው ወገን ናቸው። ሐረር በዚህ ትዳርና በዚህ ጠብ መካከል ቆማለች። ተፈሪ በ1902 የአባታቸውን አገር ሐረርን ተሾሙ። ኋላ ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደሚናገሩት፣ ከኢያሱ ጋር በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተማምለው ነበር፤ ኢያሱ ሐረርን ላይነኩባቸው፣ ተፈሪም አልጋቸውን ላይመኙባቸው። በነሐሴ 1908 ኢያሱ ተፈሪን ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ ሾሟቸው። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ሐረር ላይ ከተወለዱ ገና አንድ ወር አልሞላቸውም ነበር። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ ኢያሱ ወደ ሐረርና ጂጂጋ ወርደው ሳሉ አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ተሻሩ። ከወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተማረኩ። መሐላው በማን በኩል ቀድሞ ፈረሰ የሚለውን ሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ እንደየፍላጎቱ ይናገረዋል።

«የሚስቱን አጎት፣ የልጆቹን ዘመድ እንዴት ያስገድላል?» የሚል ሰው ከዚህ ተነሥቶ ይከራከራል። ክርክሩ በተራ ሰው ቤት ቢሆን ሚዛን ይደፋ ነበር። በነገሥታት ቤት ግን የሥጋ ዝምድና ወንጀልን የሚከለክል አጥር ሆኖ አያውቅም፤ ይልቁንም አደጋውን የሚፈጥረው እሱ ነው። በግሸን አምባ፣ በኋላም በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ የታሰሩት መሳፍንት የታሰሩት ዘመድ ስለሆኑ ነው፤ የንጉሥ ደም ባይኖራቸው ኖሮ ማንም አያስባቸውም ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1483 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ልጆች ለንደን ግንብ ውስጥ በአጎታቸው በሪቻርድ ሣልሳዊ እጅ ሳሉ ጠፉ፤ ከ500 ዓመት በላይ የሚከራከሩበት እንግሊዞች ዛሬም አንዳቸውም ሌላውን አላሳመኑም። የሪቻርድ ጠበቆች ለመመለስ የሚቸገሩት ጥያቄ አጭር ነው። ወሬው በተናፈሰ ጊዜ ልጆቹን አውጥቶ ቢያሳይ ወሬው በአንድ ቀን ይሞት ነበር፤ ለምን አላሳየም? ይህ ጥያቄ ገዳይነትን አያረጋግጥም። የመልስ ግዴታው ቁልፉን በያዘው ላይ መሆኑን ግን ያሳያል።

በጃንሆይ በኩል ያለው የመከላከያ ማስረጃ ቀላል አይደለም፤ ኢያሱን የሚወዱ ሰዎች ቸኩለው የሚያልፉትም ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ኢያሱ በ1913 ተይዘው በልዑል ራስ ካሣ ጥበቃ ፍቼ ተቀመጡ። ከዚያ እስከ ሞታቸው 14 ዓመት ያህል አለፈ። ጃንሆይ ሊያጠፏቸው ቢፈልጉ ኖሮ ለ14 ዓመት ምን ከለከላቸው? በ1924 ሲያመልጡ፣ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ሲፈረድባቸው፣ ያ ራሱ ለመግደል ምክንያት ይሆን ነበር፤ ኢያሱ ግን ወደ ጋራ ሙለታ ተዛወሩ እንጂ አልሞቱም። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት እስረኛውን በሕይወት ካኖረ፣ በ1928 ጠባዩ ተለወጠ ማለት ማስረጃ ይፈልጋል። በሌላው በኩል ደግሞ በ1928 የተለወጠ ነገር መኖሩ አይካድም። የኢጣሊያ ጦር አገሩን እየወረረ፣ አውሮፕላኖቹ ሕዝቡ በኃይለ ሥላሴ ላይ ተነሥቶ ለኢያሱ እንዲያድር የሚቀሰቅስ ወረቀት ይበትኑ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ኅዳር ወደ ደሴ ዘመቱ፤ ደሴ የንጉሥ ሚካኤል አገር ናት። ለ14 ዓመት ሸክም ብቻ የነበረው እስረኛ በዚያ ወር በጠላት እጅ ሊውል የሚችል ዘውድ ሆነ። ምክንያት አለ፣ ዕድልም አለ፤ ምክንያትና ዕድል ግን አንድ ላይ ተደምረው ገዳይ አያደርጉም። የ14 ዓመት እስራት የጤናማን ሰው ዕድሜም ያሳጥራል፤ በሕመም ሞቱ የሚለውም ሊሆን የሚችል ነው። ፍርድ ቤት ቀርቤ ድምፅ ስጥ ብባል «አስገድለዋል» ብዬ አልፈርድም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነገሩን ይዘጋዋል። ለእኔ ገና እዚህ ይጀመራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ላይ የተገደለ ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ ቢገኝና ገዳዩ ባይታወቅ ምን እንደሚደረግ ተደንግጓል። ሽማግሌዎችና ዳኞች ይወጣሉ፤ ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር አምጥተው፣ በላይዋ እጃቸውን ታጥበው፣ ደሙን እንዳላፈሰሱ በእግዚአብሔር ፊት ይመሰክራሉ። ሽማግሌዎቹ ገዳዮች ናቸው ያለ የለም። የቅርብ መሆናቸው ብቻ ተጠያቂ አድርጓቸዋል፤ እንዲወጡ፣ እንዲለኩ፣ በአደባባይ ቃል እንዲሰጡ ግድ ብሏቸዋል። ዝም ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ንጹሓን ሊባሉ አይችሉም ነበር።

በአገራችን አፈርሳታ፣ በሌላም ስፍራ አውጫጭኝ የሚባለው ልማድ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሥራውን ፈትቶ ይውላል፣ ቀን ቆጥሮ ይመለሳል፣ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ወንጀለኛው ሳይወጣ ከቀረ አገሬው በጋራ ይከፍላል። የዚህ ልማድ ጭካኔ ይታወቃል፤ ንጹሑ ከበደለኛው ጋር ይቀጣል። ከጭካኔው በታች ያለው አስተሳሰብ ግን ልክ ነው፦ ደም «የማንም አይደለም» ተብሎ አይዘጋም።

ከሁሉ ይልቅ የረቀቀው በሐረር የሚታወቀው የሻፊዒ ሕግ ነው። ቀሳማ በሚባለው ሥርዓት፣ ሰው ተገድሎ ሲገኝ ምስክር ባይኖርና በአንድ ወገን ላይ የሚያመዝን ጥርጣሬ ቢኖር፣ ለምሳሌ የታወቀ ጠላትነት ቢኖር፣ የሟቹ ወገኖች 50 ጊዜ ይምላሉ። ሊቃውንቱ የተከራከሩት የዚህ መሐላ ውጤት ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ማሊኪዎች መሐላው ለሞት ፍርድ ሊበቃ ይችላል አሉ። ኢማም ሻፊዒ በኋለኛው አቋማቸው ግን የደም ካሣን እንጂ ቂሳስን፣ ማለትም ነፍስ በነፍስን፣ አያስከትልም አሉ። በጥርጣሬ የሰው ነፍስ አትወሰድም፤ በጥርጣሬ ምክንያትም ደም ከንቱ አይቀርም። ሥርዓቱ የሚያያዝበት ሐዲስ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያሰፋዋል። ኸይበር ላይ አብዱላህ ኢብኑ ሰህል ተገድለው ሲገኙ ወገኖቻቸው «አላየንምና እንዴት እንምላለን?» አሉ፤ የተጠረጠሩትን ሰዎች መሐላም አንቀበልም አሉ። ገዳዩ አልታወቀም፤ ነቢዩ ግን 100 ግመል ራሳቸው ከፈሉ። ካሣው ከገዢው ዘንድ ወጣ። ይህ «እኔ ገደልሁ» ማለት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። እኔ በምገዛው ስፍራ የፈሰሰ ደም መልስ አይጣ ማለት ነው።

እነዚህ ሦስት ሥርዓቶች የጋራ ሙለታውን ነገር የሚዳኙት በተራ መንገደኛ ልክ አይደለም። ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ጠባቂ አልነበረውም፤ ኢያሱ ግን ከጠባቂ በስተቀር ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ምግባቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ የሚወስነው ያሰራቸው መንግሥት ነበር። ኦሪት ዘፀአት በአደራ የተሰጠ ከብት በአውሬ ቢበላ ባለአደራው የተረፈውን ያምጣና ያሳይ ይላል፤ የእኛም አገር እረኛ በጉ ሲሞትበት ቆዳውን ሳያሳይ ጌታውን ደፍሮ አያነጋግርም። ለበግ ይህ ከተጠየቀ፣ በአጥር ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ምን ያህል ሊጠየቅ ይገባል? በ1928 የተነገረው ግን መሞታቸው ብቻ ነው። ሐኪም ቀርቦ በአደባባይ አልመሰከረም፤ ሽማግሌ ተሰይሞ አልጠየቀም። ጃንሆይ የሰሎሞን ዘር ነኝ ባሉበት በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ላይ ዘውዱ ከሣህለ ሥላሴ ለሚወርደው ለእርሳቸው ዘር እንዲጸና ተጽፎ ነበር። በዳዊት ዘር የሚኮራ ቤት በዳዊት ሚዛን ቢመዘን ቅር ሊለው አይገባም።

ዳዊትም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። በካልዕ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 የሳኦል የጦር አለቃ አበኔር ከዳዊት ጋር ታርቆ ሲመለስ የዳዊት የእኅቱ ልጅ ኢዮአብ በኬብሮን በር ላይ ገደለው። ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ ገዳዩም የንጉሡ ሥጋ ነው። ዳዊት ምን አደረገ? ሕዝቡን ልብሱን እንዲቀድ አዘዘ፣ ከቃሬዛው ኋላ ተከትሎ ሄደ፣ በመቃብሩ ላይ በአደባባይ አለቀሰ፣ ፀሐይ እስክትገባ እንጀራ አልቀመሰም። መጽሐፉ እንደሚነግረን ሕዝቡ ሁሉ ግድያው ከንጉሡ እንዳልመጣ ያን ቀን ተረዳ። ዳዊት ኢዮአብን አልቀጣውም፤ እስከ ሞቱ ድረስ አልደፈረም፤ ነገሩን ለሰሎሞን አደራ ብሎ ሞተ። ፍትሑ ጎዶሎ ነው። መልሱ ግን ሙሉ ነበር፤ «እጄ የለበትም» የሚለውን በራሱ ሰውነት፣ በቀን ብርሃን፣ ጥርጣሬው ትኩስ ሳለ ተናገረ። በ1928 ጃንሆይ እንዲህ አድርገው ቢሆን፣ በተለይም እቴጌ መነን የአጎታቸውን ለቅሶ በአደባባይ ተቀምጠው ቢሆን፣ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ባልኖረ ወይም እጅግ በቀነሰ ነበር። ስለዚህ በእርሳቸው ላይ በእርግጠኝነት የምንናገረው ጥፋት ይህ ነው፤ መልሱ የእርሳቸው ዕዳ ነበር፣ ሳይከፍሉት አለፉ።

«ማንም ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው፤ አንተ ግን ራሱን ያስረዳ እያልህ ነው» ይሉኛል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ መመለሻው ግን አለ። ይህ መርህ የተሠራው ደካማውን ከኃይለኛው ለመጠበቅ ነው፤ ከሳሹ መንግሥት ማስረጃ ሁሉ በእጁ ስላለ። እስረኛ በመንግሥት እጅ ሲሞት ቦታው ይገለበጣል፤ ማስረጃው ሁሉ በተጠርጣሪው እጅ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተሻሽሎ የወጣው የሚኒሶታ ፕሮቶኮል በእስር ቤት የሞተ ሰው ጉዳይ መንግሥት ተጠያቂ ነው ከሚል ግምት ይነሣል፤ መንግሥት ግምቱን የሚያፈርስ ማስረጃ ካለው ያምጣ ይላል። አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የኬብሮኑን በርና የኸይበርን ሰፈር ሕግ በዘመኑ ቋንቋ ጻፈው። «ጦርነት ነበር፣ ለምርመራ ጊዜ አልነበረም» ለሚለውም፦ ለ1928 ልክ ሊሆን ይችላል። ከ1933 ነጻነት እስከ 1966 ግን 33 ዓመት አለ።

በሕዝቡ አፍ የሚዘወተር ሌላ መልስ አለ፤ እርሱም ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ጃንሆይ በነሐሴ 1967 በደርግ እጅ ታስረው ሳሉ ሞቱ። ደርግ በሕመም ሞቱ አለ። ከ17 ዓመት በኋላ ዐጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ወጣ፤ ግድያቸው በደርግ ባለሥልጣናት ላይ ከቀረበው ክስ አንዱ ሆነ፤ በ1999 ጥፋተኝነታቸው ተወሰነ። በጥቅምት 1993 አስከሬናቸው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ አረፈ። ብዙዎች ይህን አይተው «እግዚአብሔር የኢያሱን ደም ከፈላቸው፤ የእጃቸውን አገኙ» ይላሉ። ሁለቱም እስረኛ ነበሩ፣ ሁለቱም በአሳሪያቸው ቃል ታመው ሞቱ ተባሉ። ተመሳሳይነቱ ልብ ይነካል። ማስረጃ ግን ሊሆን አይችልም። ቅጣት ስላየን ጥፋቱ ተረጋገጠ የሚል ሰው የኢዮብን ወዳጆች ክርክር ይደግማል፤ እነርሱንም እግዚአብሔር በመጽሐፉ መጨረሻ ገሥጿቸዋል። ደግሞም ይህ ሒሳብ የት ላይ ይቆማል? የጃንሆይና የመነን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ በኅዳር 1928 ምንም ባልወሰኑበት ነገር ወደ 14 ዓመት በደርግ እስር ማቀቁ፤ ልጃቸው እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ያለ ፍርድ ከተገደሉት 60ዎቹ አንዱ ናቸው። የኢያሱም የእስር ዘመን 14 ዓመት ያህል ነው። ቁጥሩ መግጠሙ ደስ የሚለው ሰው ካለ፣ ኢያሱ ሲያዙ ልዕልቲቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደነበሩ ያስብ። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል፤ ቁርአንም ተሸካሚ ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከምም ይላል። ካሣ በግምጃ ቤት ይወረሳል እንጂ ደም በዘር አይወረስም። በ1967ቱ ግድያ ውስጥ የሰማይን ፍርድ የሚያይ ሰው፣ ሳያውቀው ደርግን የእግዚአብሔር ወኪል እያደረገ ነው።

በመጨረሻ «ኢያሱስ ማን ነበሩ?» የሚሉ አሉ። ንጹሕ አልነበሩም። በደቡብ ምዕራብ በጊሚራ ላይ በዘመቱ ጊዜ ስለተፈነገሉት ሰዎች የሚጠይቅ ዘመድ ቤተ መንግሥት ውስጥ አልነበረም። የሟች በደል ግን የአሳሪን ግዴታ አያነሣም፤ ቀሳማ ሟቹ ደግ ሰው ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ይህ ጥያቄ ግን ወደ ሌላ፣ ለሐረር ወደሚቀርበው ነገር ይወስደናል። በ1909 የኢያሱ መሻር ሐረር በተሰማ ጊዜ የእርሳቸው ወገን ናቸው የተባሉ ሶማሌዎችና ሌሎች ሙስሊሞች በከተማይቱ ተገደሉ። የእነዚያን ስም የሚቆጥር የለም። የዘውድ ባለቤቱ ሞት 90 ዓመት ሲያከራክር፣ የእነርሱ ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ሐረር ራሷም ይህን ታውቃለች። በ1868 የግብጹ ራኡፍ ፓሻ አሚር ሙሐመድን ባሳነቀ ጊዜ የሟቹ ስም ተጻፈ፤ ልጁ አሚር አብዱላሂም በ1877 ተመልሶ አልጋውን ያዘ፣ በ1879 ጨለንቆ ላይ ተሸንፎ ከተማይቱ በምኒልክና በራስ መኰንን እጅ ወደቀች። በዚያው ዘመን ከአሚሩ ጋር የሞተ ጭፍራና ነጋዴ ግን ስሙ የለም። ገዳይን መፈለግ ስም ይፈልጋል፤ ዕዳን መክፈል ግን አይፈልግም። ስለዚህ የኸይበሩ ሕግ ከዘውድ ወራሾች ይልቅ ለእነዚህ ይጠቅማል፦ ማን እንደገደላቸው ባይታወቅም በማን አስተዳደር ሥር እንደሞቱ ይታወቃል። ያ አስተዳደር አልፏል፤ መዝገቡን የወረሰው መንግሥት ግን አለ። የጃንሆይን ዐጽም ቆፍሮ ማውጣት የቻለ አገር የጋራ ሙለታን ጠባቂዎች ደብዳቤና የ1909ን የሐረር ወረቀት ከተቀመጡበት አውጥቶ ለሕዝብ ማስነበብ አያቅተውም፤ ቢያንስ «ፈለግን፣ ይህን አገኘን፣ ይህን አላገኘንም» ብሎ በይፋ መናገር ይችላል።